«እንደዚያ ማለቴ አልነበረም»

 

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ትናንት ኸሚስ ነበር። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንደነገሩን፣ የጀነት በሮች ሰኞና ኸሚስ ይከፈታሉ፤ በአላህ ላይ ምንም ላላጋራ ባሪያ ሁሉ ምሕረት ይደረግለታል። አንድ ዓይነት ሰው ግን ይቀራል፦ በእሱና በወንድሙ መካከል ጥላቻ ያለበት ሰው። የሁለቱ ጉዳይ እስኪታረቁ ድረስ እንዲቆይ ይታዘዛል።

እስቲ ለአፍታ ቆም በሉና ራሳችሁን ጠይቁ። ትናንት የእናንተ ጉዳይ አለፈ ወይስ ቆየ? ሶላታችሁን ሰግዳችኋል፣ ምናልባትም የኸሚስን ጾም ጾማችኋል። ግን ስሙ ሲነሳ ፊታችሁ የሚጠቁርበት አንድ ሰው አለ? ስልኩን ከስልካችሁ ያጠፋችሁት ጓደኛ፣ በር ላይ ስትገናኙ መንገድ የምትቀይሩለት የአጎት ልጅ፣ ሰላምታ ብቻ የቀረላችሁ እህት?

አሁን ሁለተኛ ጥያቄ። ጸቡ በምን ተነሳ? ሰው ተገድሎ ነው? መሬት ተወስዶ ነው? ብዙ ጊዜ ነገሩ ሲመረመር ትንሽ ሆኖ ይገኛል። ያልተመለሰ ስልክ። አጭር የቴሌግራም መልዕክት። ሰርግ ላይ በቀልድ የተወረወረ ቃል። «እንዲህ ብሎሃል አሉ» ብሎ ያቀበለ ሦስተኛ ሰው። ከዓመት በኋላ ሽማግሌ መሀል ገብቶ ሲጠይቅ አንደኛው «እኔ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም» ይላል። ሌላኛውም «እኔም እኮ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው! ታዲያ ያ ሁሉ ሰኞና ኸሚስ በከንቱ አለፈ ማለት ነው።

ወዳጆቼ! የዛሬው ትውስታችን ስለዚህ ነው። ሰዎች እየተነጋገሩ የማይግባቡት ለምንድን ነው? ቁርኣንና ሱና ይህን በሽታ ከነመድኃኒቱ አሳይተውናል።

አንደኛ፦ ግማሹን አይቶ ሙሉውን መፍረድ

ዛሬ ኢንሻአላህ ሱረቱል ካህፍን ትቀራላችሁ። የነቢዩላህ ሙሳንና (ዐ.ሰ) የኸዲርን ታሪክ ስትደርሱ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሙሳ ዕውቀት ፍለጋ ሊከተሏቸው ሲጠይቁ ኸዲር ገና ከመነሻው አስጠነቀቋቸው፦ ምክንያቱን በማታውቀው ነገር ላይ መታገሥ ይከብድሃል አሏቸው። ሙሳም ኢንሻአላህ እታገሣለሁ ብለው ቃል ገቡ።

ከዚያ መርከቢቱ ተሸነቆረች። ሙሳ አላስቻላቸውም። የሆነውን በዓይናቸው አይተዋል፦ ያሳፈሯቸው ሰዎች መርከብ ተበላሽታለች። ያላዩት ነገር ግን ነበር። መርከቢቱ በባሕር ላይ ሠርተው የሚያድሩ ሚስኪኖች ናት። ከፊታቸው ደግሞ መርከብን ሁሉ በግፍ የሚወስድ ንጉሥ አለ። ያቺ ቀዳዳ የድሆቹን እንጀራ አተረፈች።

አስቡት! ሙሳ ከታላላቆቹ መልዕክተኞች አንዱ ናቸው፤ አላህ ያናገራቸው ነቢይ ናቸው፤ ለመታገሥም ቃል ገብተው ነበር። ለእርሳቸው እንኳ ግማሹን አይቶ ዝም ማለት ይህን ያህል ከከበደ ለእኔና ለእናንተማ እንዴት ይሆናል?

ወንድሜ! ጓደኛህ ሰርግህ ላይ ያልመጣው ለምንድን ነው? አንተ ያየኸው ባዶ ወንበሩን ነው። የሚለብሰው ልብስ አጥቶ፣ ለስጦታ የሚሆን ብር ሞልቶለት ሳይሆን ቀርቶ፣ አፍሮ ቤቱ ተቀምጦ እንደሆነ አላየህም። እህቴ! ያቺ ጓደኛሽ ስትደውይላት ያላነሳችው ንቃሽ ነው ብለሽ ፈርደሻል። አባቷ ሐኪም ቤት ተኝተው እንደሆነ ጠይቀሻል?

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ታሪክ «የፈለግኩትን ላድርግ፣ ምክንያቴን አትጠይቁኝ» ለሚል ሰው ማስረጃ አይሆንም። ኸዲር ያደረጉትን ከራሳቸው ፈቃድ እንዳላደረጉት ራሳቸው ተናግረዋል። ደግሞም ሳይለያዩ በፊት ምክንያቱን አንድ በአንድ ለሙሳ አስረድተዋል። ስለዚህ የሚያየው ሰው ለመፍረድ አይቸኩል፤ የሚሠራውም ሰው ማስረዳት አይክበደው።

ሁለተኛ፦ አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

በረመዷን መብላትና መጠጣት እስከ መቼ እንደሚፈቀድ በሱረቱል በቀራ ሲነገር ስለ ነጭ ክርና ስለ ጥቁር ክር ተወስቷል። ዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ) ይህን ሲሰሙ እውነተኛ ገመድ ነው ብለው ተረዱ። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ገመድ ትራሳቸው ሥር አስቀመጡና ሌሊቱን እየተነሱ ያዩ ጀመር። አልለይ አላቸው። ሲነጋ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄደው ነገሯቸው። እርሳቸውም የሌሊቱ ጨለማና የንጋቱ ብርሃን ማለት መሆኑን አስረዷቸው። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው።

ዐዲይ አላዋቂ ሰው አልነበሩም፤ የጎሳቸው አለቃ ነበሩ። ቋንቋውም የገዛ ቋንቋቸው ነው። ቃሉን በትክክል ሰምተዋል። የተሳሳተው ትርጉሙ ብቻ ነበር። ያዳናቸው ምንድን ነው? ሄደው መጠየቃቸው።

ሌላም ታሪክ አለ። በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ከአሕዛብ ዘመቻ በኋላ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦቻቸውን ወደ በኒ ቁረይዟ ሲልኩ ማንም ዐስርን እዚያ ሳይደርስ እንዳይሰግድ አዘዙ። በመንገድ ላይ የዐስር ወቅት ደረሰ። ገሚሶቹ ትእዛዙ እንደተባለው ነው ብለው እዚያ እስኪደርሱ አልሰገዱም። ገሚሶቹ ደግሞ የተፈለገው እንድንፈጥን ነው ብለው መንገድ ላይ ሰገዱ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው አንዱንም ወገን አልወቀሱም። ሁለቱም ወገኖች መታዘዝ ፈልገው እንደነበር አውቀዋልና።

አሁን ወደ ራሳችን ስልክ እንምጣ። «እሺ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በድምፅ ሲነገር ደስ ብሎኛል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ተስማምቻለሁም ሊሆን ይችላል፤ ተወኝ፣ ሰልችቶኛልም ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ሲመጣ ግን ድምፁ የለም፣ ፊቱ የለም፣ ፈገግታው የለም። ድምፁን የምትጨምርበት አንተ ነህ! ከሰውዬው ጋር ቅር ከተሰኘህ በቁጣ ድምፅ ታነበዋለህ፤ ከወደድከው በፍቅር ድምፅ ታነበዋለህ። ከዚያ ራስህ የፈጠርከውን ድምፅ ይዘህ ትጣላዋለህ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲናገሩ ቃላቸው የሚቆጠር ያህል ግልጽ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። አነስ (ረ.ዐ) ደግሞ ንግግራቸው እንዲገባ ሲሉ ቃሉን ሦስት ጊዜ ይደግሙ እንደነበር አስተላልፈዋል። ዐሊይ (ረ.ዐ) ሰዎችን በሚያውቁትና በሚገባቸው ልክ እንድናናግር መክረዋል። ሱናው ይህ ነው። መናገርህ ብቻ አይበቃም፤ የምታናግረው ሰው መረዳቱንም ማየት አለብህ። ከባድ ነገር ከሆነ በጽሑፍ አትላከው፤ ደውል። ከተቻለ ሄደህ አግኘው። የተላከልህ ካልገባህም «ምን ማለትህ ነው?» በል። ይህች ጥያቄ ስንት ወዳጅነት ታድናለች!

ሦስተኛ፦ ጆሮ እያለ አለመስማት

በሱረቱ ኑሕ ውስጥ ነቢዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ) ስለ ሕዝቦቻቸው ለአላህ ያሰሙት ስሞታ አለ። በጠሯቸው ቁጥር ጣቶቻቸውን ጆሯቸው ውስጥ ይከትቱ፣ በልብሳቸውም ይከናነቡ ነበር። በዘመናችን ጆሮ የሚደፈነው በጣት ብቻ አይደለም። ስልክ እየነካኩ «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» ማለት አለ። ሌላው ሲናገር በሆድ መልስ ማዘጋጀት አለ። «የምትለውን አውቀዋለሁ» ብሎ መሀል መግባት አለ። ይህ ሁሉ ጣትን ጆሮ ውስጥ ከመክተት በምን ይለያል?

አሁን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አድማጭነት ተመልከቱ። በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው የቁረይሽ አለቃ ዑትባህ ኢብን ረቢዓህ መካ ውስጥ ወደ እርሳቸው መጣ። ያቀረበው ሐሳብ ለአንድ ነቢይ ስድብ ነበር፦ ገንዘብ ከፈለግክ እንስጥህ፣ ሹመት ከፈለግክ እንሹምህ፣ ሕመም ከሆነብህም ሐኪም እንፈልግልህ። እርሳቸው ግን አላቋረጡትም። እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያበቃ በክብር ስሙ፣ አባል ወሊድ ብለው ጠርተው መጨረሱን ጠየቁት። አዎ ሲል እንግዲህ ስማኝ አሉትና ከሱረቱ ፉሲለት ቀሩለት። እሱም ተቀምጦ ሰማ። ወደ ሰዎቹ ሲመለስ የሄደበት ፊት አልነበረም።

ለዑትባህ ጆሮ ተሰጥቶታል። እናትህ የአንድ ደቂቃ ጆሮ ያንሳቸዋል? ሚስትህ፣ ባልሽ፣ ታናሽ ወንድምሽ?

አራተኛ፦ በሦስተኛ ሰው አፍ የመጣ ወሬ

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናለች። ምክንያቱንም አብራ ነግራናለች፦ ባለማወቅ ሰዎችን እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት። ብዙ ሙፈሲሮች ከዚህ አያ ጋር የሚያወሱት ታሪክ አለ። የበኒል ሙስጦሊቅን ዘካ እንዲሰበስብ የተላከ አንድ ሰው ነበር። ሰዎቹ ሊቀበሉት ሲወጡ ሊገድሉት የመጡ መስሎት ፈራና ከመንገድ ተመለሰ። ዘካ ከለከሉ፣ ሊገድሉኝም ነበር ብሎ ነገረ። ነገሩ ወደ ጦርነት ሊያመራ ጥቂት ሲቀረው ሰዎቹ ራሳቸው መጥተው ዘካቸውን ለመስጠት እየጠበቁ እንደነበር አስረዱ።

የወጡት በአክብሮት ነበር፤ የተተረጎመው በጠላትነት ነው። መሀል ላይ አንድ የፈራ ሰው ነበር። አንድ ጎሳ በአንድ የተሳሳተ ወሬ ሊጠፋ ነበር!

ዛሬ ያ የፈራ ሰው ስክሪንሾት ይባላል። ከረጅም ንግግር አንዲት መስመር ተቆርጣ ትላክልሃለች። በፊት የተባለው የለም፣ በኋላ የተባለው የለም። «እይ ምን እንዳለህ» ይልሃል። አንተም ሳታጣራ ለአሥር ሰው ታስተላልፋለህ። ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻ ለውሸታምነት እንደሚበቃው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የተወራው የሐሰት ወሬ መዲናን እንዴት እንዳስጨነቃት አስታውሱ። አላህ በሱረቱ ኑር የወቀሰው ወሬውን የፈጠሩትን ብቻ አይደለም። ዕውቀት የሌላቸውን ነገር ከምላስ ወደ ምላስ ያቀባበሉትንም፣ ነገሩን ቀላል አድርገው ያዩትንም ወቅሷል፤ አላህ ዘንድ ከባድ ነበርና።

አምስተኛ፦ በቁጣ ሰዓት መነጋገር

ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከጌታቸው ቀጠሮ ሲመለሱ ሕዝባቸው ጥጃ እያመለከ አገኙት። ለአላህ ብለው እጅግ ተቆጡ። የወንድማቸውን የሃሩንን (ዐ.ሰ) ራስና ጢም ይዘው ሳቡ። ሃሩን ምን አደረጉ? በቁጣ አልመለሱም። የእናቴ ልጅ ሆይ ብለው በልመና ጠሯቸው። ከዚያ ሁኔታውን አስረዱ፦ ሰዎቹ ደካማ አድርገው አይተውኛል፣ ሊገድሉኝም ተቃርበው ነበር፤ በመካከላቸው መለያየትን ፈጠርክ እንዳትለኝም ፈራሁ አሉ። ሙሳም ሰሙ። ምክንያቱ ሲገባቸው እጃቸውን ወደ ጌታቸው አነሱና ለራሳቸውም ለወንድማቸውም ምሕረትን ለመኑ።

ከዚህ ሦስት ነገር ያዙ። የተቆጣን ሰው ለማብረድ በመጀመሪያ ዝምድናውን አስታውሱት፤ ሃሩን ክርክሩን የጀመሩት በእናታቸው ስም ነው። ቀጥሎ ያልታየውን ሁኔታ በግልጽ አስረዱ። የተቆጣውም ሰው ማስረጃ ሲቀርብለት በቁጣው አይጽና። ምክንያቱን ሰምቶ «አሁን ገባኝ» ማለት ለነቢይ ውርደት ካልሆነ ለእኛ ውርደት የሚሆነው ከየት መጥቶ ነው?

አበው «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላሉ። በተናደዳችሁ ሰዓት ጣታችሁ ስልክ ላይ አይረፍ። የጻፋችሁትን አትላኩት። ውዱእ አድርጉ፣ ከቆማችሁ ተቀመጡ፣ ነገ ጠዋት ደግማችሁ አንብቡት። አብዛኛውን ራሳችሁ ታጠፉታላችሁ።

ስድስተኛ፦ መናገር ሲገባ ዝም ማለት

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ላይ እያሉ ባለቤታቸው ሶፊያ (ረ.ዐ) ሌሊት ሊጠይቋቸው መጡ። ሲመለሱ ሊሸኟቸው አብረው ወጡ። ሁለት የአንሷር ሰዎች አዩዋቸውና ፈጠን ብለው ሊያልፉ ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቆሟቸው፤ አብራቸው ያለችው ሶፊያ ቢንት ሑየይ መሆኗንም ነገሯቸው። ሰዎቹ ደነገጡ። እኛ እርሶን እንጠረጥራለን እንዴ የሚል ድንጋጤ ነው። እርሳቸው ግን ሸይጧን በሰው ልጅ ውስጥ እንደ ደም እንደሚዘዋወርና በልባቸው ክፉ ነገር እንዳይጥል እንደሰጉ ገለጹላቸው።

ሱብሃነላህ! ከእርሳቸው የበለጠ ሊታመን የሚገባው ማን ነበር? ቢሆንም «ንጹሕ መሆኔን ያውቃሉ» ብለው አላለፉም። እናንተ ባዶ የተዋችሁትን ቦታ ሸይጧን ይሞላዋል። «ካወቀኝ ይረዳኛል» እያላችሁ ያልተናገራችሁትን ነገር እሱ በራሱ ቃል ይናገርላችኋል።

በእኛ አገር ደግሞ ዝምታ በእዝነት ስም ይመጣል። አንዲት እህታችን ጅዳ ወይም ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች እንበል። ሌሊት ሥራ ስትጨርስ ደሴ ላሉ እናቷ ትደውላለች። «እንዴት ነሽ ልጄ?» ሲሏት «ደህና ነኝ እማዬ» ትላለች፤ ወገቧ ተቆርጧል፣ ደመወዟም ሁለት ወር ዘግይቷል። እናትም ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሳለ «እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ይላሉ። ሁለቱም ሕመማቸውን ስለደበቁ የሚወራ ነገር ያልቃል። የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ይሆናል፦ የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ። ስልኩ ሲዘጋ እሷ «የሚፈልጉት ብሬን ብቻ ነው» ብላ ታለቅሳለች። እናት ደግሞ «ልጄ ተለወጠችብኝ፣ ድምፇ ቀዘቀዘ» ብለው ያዝናሉ። አንዷ ለሌላዋ አዝና የደበቀችው ነገር ሁለቱን አራራቃቸው።

እህቴ! ሐምድ ማድረግ ሕመምን መደበቅ ማለት አይደለም። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) ጉዳት እንደነካቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ ታጋሽ ተብለው ግን ተወድሰዋል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሳቸውን እንዳመማቸው ሲናገሩ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የራሳቸውንም የራስ ሕመም ነግረዋቸዋል። በቤታቸው ሕመም ይነገር ነበር። «አልሐምዱሊላህ እማዬ፣ ግን ዛሬ በጣም ደክሞኛል፣ ዱዓ አድርጊልኝ» በይ። ከዚያ «አንቺስ? እውነቱን ንገሪኝ» ብለሽ ጠይቂ። እናንተም አገር ቤት ያላችሁ፣ ስልኩ ሲነሳ ብር ከመጥራታችሁ በፊት «በልተሻል? ተኝተሻል?» በሉ።

የመስማት ፍትሕ በአገራችን

ከሁሉም የሚልቀው የመስማት ምሳሌ ደግሞ የተፈጸመው እዚሁ ሐበሻ ምድር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ ነጃሺ አገር ሲመጡ ቁረይሽ ስጦታ አሸክማ ሁለት መልዕክተኞችን ላከች። መልዕክተኞቹ በመጀመሪያ ወደ ንጉሡ ባለሟሎች ሄዱ፤ ለእያንዳንዳቸውም ስጦታ ሰጡ። የለመኗቸው ነገር ምን መሰላችሁ? ንጉሡ ሙስሊሞቹን ሳያናግራቸው አሳልፎ እንዲሰጥ እንዲመክሩት ነበር። ለምን? ከተደመጡ ነገሩ እንደሚበላሽባቸው ያውቃሉ። ሐሰት ምንጊዜም የምትፈራው ሌላኛው ወገን እንዳይሰማ ነው።

ባለሟሎቹ እንደተባሉት መከሩ። ነጃሺ ግን ተቆጡ። አገራቸውን መርጠው የተጠጓቸውን ሰዎች ጠርተው ሳይጠይቁ እንደማይሰጡ ተናገሩ። ጠሯቸው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆመው አስረዱ፦ በመሃይምነት ዘመን እንዴት እንደነበሩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳስተማሯቸው፣ ለምን ወደዚህ አገር እንደመጡ። ንጉሡ ከወረደላቸው እንዲያሰሙ ሲጠይቋቸው ከሱረቱ መርየም መክፈቻ ቀሩ። ለክርስቲያን ንጉሥ፣ ሁለቱም ከሚያከብሯቸው ከመርየምና ከዒሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ጀመሩ። ንጉሡም በዙሪያቸው የነበሩትም አለቀሱ።

በማግስቱ መልዕክተኛው ሌላ ክስ ይዞ ተመለሰ፤ ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ አለ። ነጃሺ አሁንም በክሱ ብቻ አልፈረዱም። እንደገና አስጠርተው እንደገና ሰሙ። በመጨረሻም ስጦታውን መለሱ፤ ሙሃጂሮቹም በሰላም ተቀመጡ።

የዚህ አገር ልጆች ናችሁ። ነጃሺ ያቺን ቀን በስጦታና በአንድ ወገን ወሬ ፈርደው ቢሆን ኖሮ የነዚያ ሰሓቦች ዕጣ ምን ይሆን ነበር? እናንተም በየቡድን ገጻችሁ፣ በየቤታችሁ፣ በየዶርማችሁ አንድ ወገን ብቻ ክስ ይዞ ሲመጣ «እሱንም ልጠይቀው» የምትሉ ሁኑ።

እስከ መግሪብ የሚሠራ ሥራ

ይህን ሁሉ ያነበብነው ለማወቅ ብቻ አይደለም። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ሊያኮርፍ እንደማይፈቀድለት፣ ከሁለቱም በላጩ በሰላምታ የሚጀምረው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በደለኛው ማን እንደሆነ ከመጣራቱ በፊት ደረጃው ለጀማሪው ተሰጥቷል። ስለዚህ፦

የአንድ ሰው ስም ምረጡ። ይህን ስታነቡ ወደ ልባችሁ የመጣው የመጀመሪያ ስም እሱ ነው።

በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ አግኙት። በሰላምታ ጀምሩ።

«አንተ እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» አትበሉ። ይህ ፍርድ ነው። «ያን ቀን እንዲህ ስትለኝ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ምን ማለትህ ነበር?» በሉ። ይህ ጥያቄ ነው፤ በር ይከፍታል።

ከዚያ ዝም በሉ። እስኪጨርስ ስሙት። የገባችሁን መልሳችሁ ንገሩት፦ «እንዲህ ማለትህ ነው ኣ?»

መጨረሻ ላይ አውፍ ተባባሉ። አውፍ ለመባባል ዒድን አትጠብቁ። ዒድ እስኪደርስ ለመኖራችን ማን ዋስትና ሰጠን?

አንድ ማሳሰቢያ። ጸብ ሁሉ አለመግባባት አይደለም። እውነተኛ ዙልም አለ፤ መብት መቀማት አለ፤ ቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት አለ። እዚያ ላይ «ተረጂው፣ እንደዚያ ማለቱ አይደለም» እያሉ ተበዳይን ዝም ማሰኘት ኢስላም አይደለም። ሱረቱ ኒሳእ በባልና በሚስት መካከል ጭቅጭቅ ሲፈራ ከሁለቱም ቤተሰብ ሸምጋይ እንዲላክ ታዛለች፤ ከሁለቱም፣ ከአንዱ ብቻ አይደለም። ብቻችሁን የማትችሉት ከሆነ ሁለቱንም ወገን የሚሰማ አዋቂ ፈልጉ። ጉዳት ካለ ደግሞ ራሳችሁን አድኑ።

ስልኩን ደውላችሁ ባያነሳስ? ሰላምታችሁን ቢገፋስ? እናንተ የድርሻችሁን አድርሳችኋል። መልሱ የእሱ ነው፤ ምንዳው ከአላህ ነው። በመጪው ሰኞ በሮቹ ሲከፈቱ ግን በእናንተ በኩል የቀረ ነገር አይኑር።

ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ ደረታቸው እንዲሰፋላቸው፣ ነገራቸው እንዲገራላቸው፣ ንግግራቸው እንዲገባ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ለመኑ። ልመናቸው ከደረት መስፋት መጀመሩን አስተውሉ። ደረት ከጠበበ ምላስ ቢፈታ ምን ይጠቅማል?

እኛም በዚህች በተባረከች ቀን፣ ዱዓ ተቀባይነት ታገኝባታለች ተብላ ከዐስር በኋላ በምትጠበቀው ሰዓት እጃችንን እናንሳ፦

ያ አላህ! ደረታችንን አስፋልን። የምላሳችንን ቋጠሮ ፍታልን። የምንሰማበት ጆሮ፣ የምንረዳበት ልብ ስጠን። ለወንድሞቻችን ዑዝር የምንፈልግ እንጂ ጥፋት የምንቆጥር አታድርገን። በተኳረፉት መካከል አንተ አስታርቅ። በስደት ያሉ እህትና ወንድሞቻችንን ከቤተሰቦቻቸው ጋር በልብ አገናኝ። በሰኞና በኸሚስ ጉዳያቸው ከሚቆይ ሰዎች አታድርገን። አሚን ያ ረበል ዓለሚን።

አላሁመ ሰሊ ወሰሊም ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ። ዛሬ ሰለዋት አብዙ።

ይህን ጽሑፍ ሼር ልታደርጉት ካሰባችሁ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ግን በመጀመሪያ ለዚያ ሰው ደውሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።